የአስካለ ጣቶች

አስካለ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ልጇ ትንቢት ጉርሻ ጠቅልላ ይዛለች እንጂ አላጎረሰቻትም።

ባለፈው ክረምት ትንቢት ለወር አበባዋ ያስገባችውን ታምፖን ሳታወጣ ቆይታ ትኩሳትና ሽፍታ ሲያጣድፋት፣ አስካለ «ምች ነው፤ የሴት ነገር ደግሞ ለሐኪም አይወራም» ብላ በዳማከሴ ስታሻት ሰነበተች። ከታምፖኑ የመጣው መርዝ በትንቢት ደም ተሰራጨ፤ ጣቶቿ ጠቁረው ተቆረጡ። በአዲሱ ሕግ ደግሞ በሽተኛን ከሕክምና ያዘገየ ሰው፣ የጠፋውን አካል ከራሱ ይተካል። የአስካለ ጣቶች አሁን ትንቢት እጅ ላይ ናቸው።

«ራበኝ እኮ፣ ልጄ።»

«ጣቶችሽ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ። ባጥባቸው ባጥባቸው አይለቃቸውም።»

«አንድ ብቻ አጉርሺኝ።»

ትንቢት ጉርሻውን ከእናቷ ከንፈር አስጠጋችው።

«መጀመሪያ ምን ነበር ያመመኝ? በይ፣ ንገሪኝ።»

«ምች... ምች መስሎኝ ነው።»

«እንግዲያው ለረሃብሽም ዳማከሴ ይበቃሻል» አለችና ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው።