ለአንድ እንግሊዝኛ አንድ አማርኛ

ባሌ ሲራክ ትናንት ከቃል መጫኛ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ያስጫነው እንግሊዝኛ “ዲፌነስትሬሽን” ይባላል፤ ሰውን በመስኮት መወርወር ማለት ነው። የምንኖረው ምድር ቤት ነው፤ ቢሆንም እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ቃል የሌለውን ሰው አያሳድግም።

ድሮ ሰው መዝገበ ቃላት ይሸመድድ ነበር አሉ። አሁን የቃል መጫኛው ማሽን ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻ ነው፤ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሲገባ አንድ የአማርኛ ቃል ከጭንቅላት ይወጣል። ማሽኑ መርጦ የሚያወጣው ሰውየው ብዙም የማይናገረውን ቃል ስለሆነ ጉዳት የለውም ይላሉ። ከሲራክ ከትናንት በፊት “ሙቀጫ” እና “ወስፌ” ወጥተዋል። ሁለቱንም በእጁ ነክቷቸው አያውቅም፤ አላዘንኩም።

ዛሬ ጠዋት ልጃችን ኤልዳና ከሶፋ ወድቃ ግንባሯ አበጠ። ሲራክ ሮጦ አነሳት። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ልጅቷ ልቅሶዋን አቁማ አፍ አፉን ታየው ጀመር። በመስኮት ስለመወርወር ሊያጫውታት ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ሲያቅተው ተቀብዬ አቀፍኳት።

“አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ” አልኳት።

ሲራክ ዞር ብሎ አየኝ። “ደስ የሚል ቃል ነው፤ ‘አይዞሽ’ ምን ማለት ነው?” አለኝ።

ማሽኑን ልረግም ፈልጌ ተውኩት። ሲራክ ይህን ቃል መቼ ብሎኝ እንደሚያውቅ ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።