ገመዱ ላይ የተጣለው ጋቢ

ጭቃ መኪና በዋጠ ቁጥር ትራክተር ነጂው ጎትቶ ያወጣል። ከመጎተቱ በፊት ግን ወፍራም ጋቢውን የብረት ገመዱ ላይ ይጥላል፤ ያረጀው ገመድ ድንገት ቢበጠስ ጋቢው ወደ መሬት ይጫነዋል እንጂ ተወንጭፎ የሰው አንገት አይቀላም። ይህን ያስተማረው አምና እዚሁ መንገድ ላይ ተገድሎ የተገኘው ወንድሙ ነው። ገዳዩ አልታወቀም።

"ጌታዬ፣ ከገመዱ ራቅ ይበሉ" አለው የተቀረቀረውን ፒካፕ ባለቤት።

ሰውየው በጠመንጃው ሰደፍ ደረቱን መታው። "አንተ ብሎ አዛዥ! አምናም አንዱ ትራክተር ነጂ ራቅ በል ቢለኝ እዚሁ ጭቃ ላይ ደፍቼዋለሁ!" ብሎ ገመዱ አጠገብ ተገተረ።

ነጂው ጋቢውን ከገመዱ ላይ አነሳ፣ ተከናነበው፣ ትራክተሩ ላይ ወጥቶ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠ።