ቅዳሜ እስኪያልፍ

ገብረጻድቅ ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በላስ ቬጋስ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ አንዲት አሮጊት በዊልቸር እየገፋ ሳለ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርስ ሕይወቱ አልፏል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። የመጨረሻዎቹን አሥራ ስምንት ዓመታት የሥራ መታወቂያ ባጁን በሰማያዊ ገመድ ከአንገቱ አንጠልጥሎ መንገደኛ ሲገፋ ኖሯል።

የሥራ ባልደረባው ነቢል ፈረቃውን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ ለሟቹ ታናሽ ወንድም ለኃይሉ ደወለ። ኃይሉ ከሚሠራበት የካዚኖ ወጥ ቤት አስፈቅዶ ሆስፒታል እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀበት።

«እርስዎም ቤተሰብ ነዎት?» አለችው ነርሷ።

«ወንድሙ ነኝ።»

የሟቹን ዕቃ በላስቲክ ከረጢት አስረከበችው። ጫማ፣ መነጽር፣ ስልክ፣ የመኪና ቁልፍ።

ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ባለው ቤት የገብረጻድቅ ሚስት አስካል ነገሩን ስትሰማ አንዴ ጮኸች። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ለሊውል ማን ነገረው?»

«ማንም» አለ ኃይሉ።

«እንዳትነግሩት። ቅዳሜ ይለፍ።»

ሊውል አንድ ልጃቸው ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ አሜሪካ ገባ፤ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫወተ፤ ጉልበቱ ሲጎዳ አሠልጣኝ ሆነ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በስምንት ኮሌጆች ተከላካዮችን አሠልጥኗል። ከአምስቱ ተባሯል። ትዳሩ አራተኛው ከተማ ላይ ቀረ። የሥራው ቁም ነገር ሁለት ነው፤ ተጋጣሚ ያሰበውን ከእግሩ አቋቋም ቀድሞ ማወቅ፣ የራስን ሐሳብ ደግሞ ኳሷ እስክትነሣ መደበቅ።

ከሁለት ዓመት በፊት ላስ ቬጋስ ሲቀጠር ገብረጻድቅ፣ «አሁን ቢያባርሩህም ግድ የለም፤ ራትህ እዚሁ ነው» ብሎ ቀልዶበት ነበር።

ዘንድሮ ቡድኑ ስድስት ጊዜ ተሸነፈ። ኃላፊዎቹ ቁርጡን ነግረውታል፤ ቅዳሜ ከተሸነፈ ኮንትራቱ አይታደስም።

መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። እሑድ ሲነጋ ዘመድ ተሰብስቦ ግሪን ቫሊ ሰፈር የሊውል ቤት ድረስ ሄዶ እንዲያረዳው ተወሰነ። ነቢል የአየር ማረፊያውን ሐበሾች አንድ በአንድ እየዞረ ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይለጥፉ አስማላቸው።

ሐሙስ ዕለት ነቢል አስካል ቤት መጣ።

«ጋሽ ኃይሉ፣ አለቃችን ባጁን አምጡ እያለ ነው። እስከ ሰኞ መመለስ አለበት።»

ኃይሉ ከረጢቱን ገለበጠ። ባጅ የለም። ጫማዎቹን ሁለቴ አራገፋቸው።

«አምቡላንስ ውስጥ ወድቆ ይሆናል» አለ ነቢል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የስፖርት ገጹን አይተዋል? ሊውል ረቡዕ ጠዋት ልምምድ ላይ አርባ ደቂቃ አርፍዶ ገባ ይላል። አርፍዶ አያውቅም እኮ! ሌላ ኮሌጅ ሥራ ሊጠይቅ ሄዶ ነው እየተባለ ነው።»

«ምን ያድርግ? ሊያባርሩት አይደል።»

ዓርብ ማታ ሊውል እንደ ልማዱ ደወለ። አስካል ስልኩን ከማንሣቷ በፊት ውሃ ጠጣች።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ? አባዬ ደክሞት ተኝቷል አይደል?»

«አዎ... ተኝቷል።»

«አትቀስቅሺው በቃ። አንቺም በጊዜ ተኚ።»

ስልኩን ስትዘጋ ለኃይሉ፣ «ውሸቱን እንኳ እሱ አቀለለልኝ» አለችው።

ቅዳሜ ከቀሩ ሊውል ይጠረጥራል ብለው አስካልና ኃይሉ ነቢልን ይዘው ስታዲየም ሄዱ። አስካል የቡድኑን ቀይ ጃኬት ለበሰች። ባሏ በሞተ በአራተኛው ቀን ቀይ መልበሷ ነው። የገብረጻድቅን ወንበር፣ ሰው እንዳይቀመጥበት፣ ቦርሳዋን አኖረችበት።

ሊውል ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ዞር ብሎ ለአባቱ እጁን ያነሣ ነበር። የዚያን ቀን አልዞረም።

«እግዜር ሸፈነልን» አለች አስካል።

ጨዋታው ሊያልቅ አሥራ አንድ ሰከንድ ሲቀረው የሊውል ቡድን ሃያ ለአሥራ ሰባት እየመራ ነው። ተጋጣሚው ኳሷን ይዞ፣ ካሳለፋት ከሚያሸንፍበት የመጨረሻ መስመር ሁለት ያርድ ላይ ደርሷል። ነቢል ጥፍሩን እየበላ ነው። ሊውል የተጋጣሚዎቹን እግር ትክ ብሎ አየና አንዱን ተከላካይ በእጁ ምልክት ሁለት እርምጃ ወደ ግራ አስጠጋው። ኳሷ በዚያው በኩል መጣች። ተከላካዩ ያዛት።

ስታዲየሙ ተነሣ። አስካል ከረቡዕ ጀምሮ ያፈነችውን እንባ ለቀቀችው። በዙሪያዋ ያሉት ፈረንጆች የደስታ መስሏቸው እየሳቁ አቀፏት።

ከታች ተጫዋቾቹ በባልዲ የበረዶ ውሃ ሊውል ላይ ደፉበት። እጁን አላነሣም። ከጃኬቱ ሥር የተንጠለጠለውን ነገር በሁለት መዳፉ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ፊሽካው እንዳይረጥብበት ነው!» ብሎ ነቢል ሳቀ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ አሥራ አራት ሰው በሦስት መኪና ግሪን ቫሊ ደረሰ። አስካል አሁን ጥቁር ለብሳለች። ኃይሉ ደወሉን ሊጫን እጁን ሲዘረጋ በሩ ተከፈተ። ሊውል ለባብሶ ቆሟል።

«ልጄ፣ እስቲ ገብተህ ቁጭ በል» አለ ኃይሉ። «የምንነግርህ...»

ሊውል እናቱን አቅፎ ቆየ። ከዚያ እጁን ወደ ሸሚዙ አንገት ሰደደና ሰማያዊ ገመድ ስቦ አወጣ። በአጎቱ መዳፍ ላይ አኖረው።

«ጋሼ፣ ይሄ የኤርፖርቱ ነው። መመለስ አለበት።»

በባጁ ላስቲክ ውስጥ፣ በገብረጻድቅ ፎቶ ላይ፣ የትናንቱ ውሃ ገና አልደረቀም ነበር።