ሁለቱ ምንተስኖቶች

ኔትወርክ የሚሸጠው ድርጅት በሰው ስልክ መሀል፣ በተነጋጋሪዎቹ በራሳቸው ድምፅ ማስታወቂያ መሰካት ከጀመረ ወዲህ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሁለት ልጆች አሏቸው። አንደኛው ድሬዳዋ የሚሠራው ምንተስኖት ነው። ሌላኛው በምንተስኖት ድምፅ ፍራሽ የሚሸጥላቸው ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ ቤታቸው በረንዳ ላይ ምስር እየለቀሙ ሳለ ስልካቸው ጠራ።

«እማዬ፣ ወገብሽን ተሻለሽ?»

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ወገብሽ የሚያርፈው በእኛ ባለ ስፕሪንግ ፍራሽ ላይ ብቻ ነው! ዛሬውኑ እዘዢ!»

«አንተን ማን ጠየቀህ? ይልቅ ልጄን አቅርብልኝ» አሉና ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

«እማዬ፣ ለመስቀል እመጣለሁ። የማገባትን ልጅ ይዤልሽ ነው የምመጣው።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከት ብለው ሳቁ። «አይ የናንተ ነገር! ይሄ ደግሞ የምንድን ነው? የአውቶቡስ ነው ወይስ የቬሎ ኪራይ?»

ከወዲያ ማዶ መልስ ጠፋ።

ሳቃቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ላይ ወረደ። ማስታወቂያ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ሲጠይቁት ቀርቶ ሳይጠይቁትም ይለፈልፋል። ሰፌዱን ከነምስሩ መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ምንተስኖቴ! አንተ ነህ እንዴ? እሰይ የኔ ልጅ! ወልዳችሁ ሳሙ፣ አብሮ ያስረጃችሁ!»

«እማዬ፣» አለ ልጃቸው ፈራ ተባ እያለ፣ «ምርቃቱ ያንቺ ነው? ወይስ ቀጥሎ የአዳራሽ ኪራይ ሊመጣ ነው?»

አፋቸው ላይ የመጣውን ምርቃት ሁሉ ዋጡት። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉ፣ ልጃቸው እንዲያምናቸው ዝም አሉለት።