የጎደለው ግማሽ ቴራ

ጆሲ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ካቀና ወዲህ እናቱ ማንጠግቦሽ ከአልጋ የምትወርደው ስልኳ ሲጮህ ብቻ ነበር። ልጁ ከኬንያ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ድምፁ ጠፋ። ሐሳቡ ልቧን ሊያቆመው ሲል፣ ደግነቱ፣ ቪዲዮ መምጣት ጀመረ። መንገድ ላይ ስልኩን ስለተቀማ በሰው ስልክ እየተቀዳ ለጓደኛው ለለሚ ይልካል ተባለ፤ ለሚ ደግሞ ለእናቱ ያደርሳል።

ቪዲዮዎቹ አጫጭር ናቸው። «እማዬ፣ ደህና ነኝ። ሥራም ይዣለሁ። መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ።» ይኸው ነው። ማንጠግቦሽ ግን ደጋግማ አይታ አትጠግባቸውም።

«ጥርሱ ተሻለው ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብዬህ፣ ዛሬም አልመለሰልኝም እኮ» ትለዋለች ለሚን።

«ኔትወርኩ ነው፣ እትዬ።»

«ሹራቡንም ይቀይር በለው። ሰው አገር ሁልጊዜ አንድ ልብስ!»

«እነግረዋለሁ» ይላል ለሚ አንገቱን ደፍቶ።

በኋላ የማንጠግቦሽ ስልክ ሞላ። አዲስ ቪዲዮ ለመቀበል የድሮውን ማጥፋት ግድ ሆነባት፤ እሷ ደግሞ አንዷንም አላጠፋም ብላ ድርቅ አለች። ባሏ አቶ ይርጉ፣ ከወናጎ ማዘጋጃ ቤት ጡረታ ከወጣ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ጆሲ ፋይሎቹን የሚያጠራቅምበት ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ትዝ አለው። ጆሲና ለሚ በአንድ ኳየር የሚዘምሩ፣ ዲላ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ነበሩ። ጆሲ ሲሄድ ዕቃው ሁሉ እዚያው ቀርቷል።

ለሚ ዲስኩን አምጣ ሲባል ዛሬ ረሳሁ፣ ነገ ቁልፍ ጠፋኝ ሲል ከረመና በመጨረሻ አመጣው።

ይርጉ ቪዲዮዎቹን ለማስገልበጥ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የሀኒ ኮምፒውተር ቤት ወሰደው። ሀኒ ሰካችና ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ጋሼ፣ ላዩ ላይ መጠኑ አንድ ቴራ ባይት ይላል። የሚያሳየው ግን ግማሹን ነው።»

«አጉድለው ሸጠውለት ይሆን?»

«ትንሽ መጉደልስ ያለ ነው። ፋብሪካውና ኮምፒውተሩ አቆጣጠራቸው ይለያያል። እንዲህ ግማሹ ድራሹ አይጠፋም።»

«ፎርጅድ ነዋ!»

«ፎርጅድ የሌለውን አለ ይላል እንጂ ያለውን አይደብቅም።»

ገመድ ቀየረች። በሌላ ኮምፒውተር ሞከረች። ያው ነው። በመጨረሻ የዲስኩን አከፋፈል የሚያሳየውን ገጽ ከፈተችና ስክሪኑ ላይ አንድ ጥቁር መስመር በጣቷ አሳየችው።

«ዲስኩ ጤነኛ ነው። ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሁለተኛውን ክፍል ግን ሰው ሰርዞታል።»

ይርጉ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ከዘንድሮ ክረምት ጀምሮ የለሚ አዲስ መዝሙር በየባጃጁ ይሰማል። ጆሲ ደግሞ ከመሄዱ በፊት «አባዬ፣ ያልወጡ መዝሙሮች አሉኝ» ይለው ነበር። ስደተኛ ጓደኛውን ዘረፈው! ይርጉ ደሙ እንደፈላ ለሚን ፍለጋ ሄደ፤ ከኳየር ልምምድ ሲወጣም የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያዘው።

«ከልጄ ዲስክ ላይ ምንድን ነው ያጠፋኸው?»

የለሚ ፊት አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ ዲስኩን ይስጡኝ። አዲስ እገዛልዎታለሁ።»

«መዝሙሩን ሰርቀህ ስታበቃ?»

«መዝሙር አልሰረቅኩም። ብቻ አያስከፍቱት። ስለ እትዬ ብለው።»

«የሚስቴን ስም አትጥራ! ከዛሬ ወዲያ ደጄን እንዳትረግጥ!»

ለሚ እንባው እየወረደ ሄደ። ይርጉ ያንን እንባ የሌባ እንባ አድርጎ ቆጠረው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቪዲዮ አልመጣም። ማንጠግቦሽ መጀመሪያ ስልኳን እየነካካች ጠበቀች። ቀጥሎ ምግብ ተወች። ቀጥሎም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ልጄን ምን አግኝቶት ነው?»

«ምንም አላገኘውም። ያ ቀማኛ ተቀይሞ አላደርስ ብሎ ነው» ይላታል ይርጉ። ይህን ሲል ራሱን ያጽናናል እንጂ እሷን እንደማያጽናና ያውቃል። ሾርባ በማንኪያ ቢያቀርብላት ከንፈሯን ትገጥማለች። እንዲህ ሆና እስከ መቼ ትቆያለች? የሚያዋጣው አንድ ነገር ብቻ መሰለው፤ የተሰረዘውን ማስመለስ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች መሰብሰብ፣ ለሚን በማስረጃ አፋጥጦ ከጆሲ ጋር የሚገናኝበትን ቁጥር መቀበል።

«ከላዩ አዲስ ነገር ካልተጻፈበት ሊመለስ ይችላል» አለች ሀኒ። «ቃል ግን አልገባልዎትም።»

ዲስኩ እሷ ዘንድ ከረመ። ይርጉ በየቀኑ ሄዶ ይጠይቃል፤ እሷም በየቀኑ ራሷን ትነቀንቃለች። ተስፋ ቆርጦ ቤት በተቀመጠበት ቀን፣ ዶፍ እየዘነበ፣ ደወለችለት። ጃንጥላ እንኳ ሳይዝ ወጣ።

«ተመልሷል፣ ጋሼ። ግን መዝሙር የሚባል የለበትም። ሁሉም ቪዲዮ ነው። የመጀመሪያውን ልክፈተው?»

ይርጉ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳበ። «ክፈቺው። ጉዱን አብረን እንየው።»

ጆሲ ያንኑ ሹራብ እንደለበሰ ብቅ አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገና «ለሚ» አለ፣ «ሁለት ወር ሙሉ ድምፄ ከጠፋብህ፣ ከዚህ ቀጥሎ ካለው ጀምረህ ለእማዬ ተራ በተራ ላክላት።»