ጣትህን ግጠም

ማስመሪያው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያርፍበት ሙጠሊብ ትንፋሹን ዋጠ። ጉርሻ እንደያዘ ሰው አምስቱን ጣቶቹን ገጥሞ፣ ጥፍሮቹን ወደ ላይ አድርጎ፣ በአርባ ሦስት ዓመቱ ቆሟል። ማንም አልያዘውም። ቲቸር ንጉሤ «ጣትህን ግጠም» ሲሉት እጁ ራሱ ተነስቶ ሄደላቸው።

«እንደገና» አሉ ቲቸር። «እሷ በየቀኑ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። በእንግሊዝኛ።»

ሙጠሊብ ሞከረ። ግሱ ላይ ሲደርስ አሁንም ሳተው። በሦስተኛው የማስመሪያው ጠርዝ የመሀል ጣቱን ጥፍር ሰነጠቀው፤ ደሙም ደብተሩ ላይ ተንጠባጠበ። ሌሎቹ ተማሪዎች አንገታቸውን ደፉ።

ክፍሉ አሜሪካ፣ ሳን ሊያንድሮ ከተማ ያለ የአንድ አፓርትመንት መሰብሰቢያ ነው። እሁድ ከሰዓት ስድስት ሰባት ሰው ይመጣል፤ ኡበር የሚነዳ አለ፣ ሽማግሌ የሚንከባከብ አለ፣ በዲቪ ከመጣ ዓመት ያልሞላውም አለ። ቲቸር ንጉሤ ደሴ ላይ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው፣ ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ያመጣቻቸው ሰው ናቸው። ግራመር ማወቁንስ ያውቃሉ፣ ይህን የሚጠላቸውም አይክድም። ግን አገር ለወጡ እንጂ አመል አልለወጡም። ሌላውን በቁጣ ያልፉታል፤ የሚመቱት ሙጠሊብን ብቻ ነው፣ ደሴ ሳለም የእሳቸው ተማሪ ነበርና። ስድስተኛ ክፍል ሳለ ትንሿን ጣቱን ሰብረውበታል።

እንዲህ ያለ ሰው ፊት ተመልሶ የሚቀመጥ ሞኝ ነው ይባል ይሆናል። ሙጠሊብ የሚመጣው ለልጁ ለሂክማ ሲል ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ሲያናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስለታለች፣ ከምትመልሰውም ግማሹ ያመልጠዋል። ከጓደኞቿ ጋር ስልክ ላይ ስትስቅ ምን እንዳሳቃት አያውቅም። ልጁ ዓይኑ እያየ ባዳ እየሆነችበት ነው፤ ይህ እንቅልፍ ይነሳዋል። የተወለደች ቀን ደግሞ በዚች ልጅ ላይ እጄን አላነሳም ብሎ ምሏል። እስከ ዛሬ አላነሳም።

«ጋሼ፣ ይብቃው» አለች ዕፀገነት ከኋላ ወንበር። «እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም። ሰው ሪፖርት ቢያደርግስ?»

«ማን? እሱ?» ቲቸር ንጉሤ ዞር ብለው እንኳ አላዩዋትም። «ሰው ያደረግሁት እኔ ነኝ። ግጠም።»

ሙጠሊብ ውስጡ ነደደ። ማስመሪያውን ነጥቆ የሽማግሌውን አፍ ሲመታበት፣ ጥርሳቸው ጠረጴዛው ላይ ሲረግፍ ታየው፤ ደስም አለው። ግን እጁ ንቅንቅ አላለም። «እሺ ቲቸር» አለና ደም ያዘሉ ጣቶቹን መልሶ ገጠመ። አራተኛው አረፈበት።

ያኔ ነው ከበሩ በኩል ድምፅ የተሰማው። ሂክማ ናት። እናቷ መኪና ውስጥ ሆና አባትሽን ጥሪው ብላ ልካታለች። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ አንድ ሰውዬ አባቴን እየደበደበው ነው፣ ደም አለ፣ ፖሊስ ላኩ ትላለች በእንግሊዝኛ። ይሄኛው እንግሊዝኛ ለክፍሉ ሁሉ ገባው። አንዱ ጃኬቱን አንስቶ በኋላ በር ወጣ።

«ዝጊው» አላት ሙጠሊብ።

«ኖ።»

«ሂክማ፣ አስተማሪዬ ናቸው። ዝጊው አልኩሽ።»

«ኖ፣ አባ። ሂ ካንት ዱ ዛት ቱ ዩ።» እንዲህ ሊያደርግህ አይችልም ማለቷ ነው።

ስልኩን ልቀማት ነው የሄድኩት ይላል ዛሬም ሲጠየቅ። ግን ስልኩ በግራ እጇ ነበር፣ እሱ የመታው ቀኝ ጉንጯን ነው። ሽማግሌው ላይ ያልተነሳ እጅ ልጅቷ ላይ ሙሉ ኃይሉን ይዞ አረፈ። ሂክማ ከተደረደሩት ወንበሮች ጋር ተላትማ ወደቀች፤ የጥርሷ ብረት ከንፈሯን ቀደደው፣ አገጯም በደም ተነከረ። አላለቀሰችም። ወለሉን ታያለች።

ቲቸር ንጉሤ ማስመሪያቸውን አስቀመጡ። «ጎበዝ» አሉት ለስለስ ባለ ድምፅ። «ልጅ የሚታረመው እንዲህ ነው።»

በዕድሜው ከእሳቸው አፍ የሰማው የመጀመሪያ ምስጋና ነው። ሙጠሊብ ፊቱን አዞረባቸው።

ስልኩ ወለሉ ላይ ተከፍቶ እንዳለ ነው፤ የፖሊስ ስልክ ተቀባይዋ ሴት ሄሎ፣ ሄሎ ትላለች። ጎንበስ ብሎ አነሳው። ሴትየዋ የጥፊውን ድምፅ ሰምታ ኖሮ ረጋ ብላ ጠየቀችው፦ ልጅቷ ተጎድታለች ወይ? ማን ነው የመታት? ሙጠሊብ እያንዳንዱ ቃል ገባው።

ዕፀገነት ራሷን እየነቀነቀች እንዳይናገር ለመነችው። ቲቸር ንጉሤ ደግሞ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ ሠላሳ ዓመት ለልጆች ሲያስጠኑ በነበረበት ድምፅ፣ የሚለውን ቃል በቃል ሰጡት። «ሺ ፌል ዳውን። ወድቃ ነው በል። ተከተለኝ፤ ሺ ፌል ዳውን።»

ሙጠሊብ አልተከተላቸውም። ስሙን ተናገረ፣ አድራሻውን ተናገረ። ከዚያ ልጄ ናት አለ፣ የመታኋት እኔ ነኝ፣ አባቷ፣ ቶሎ ኑ።

ሂክማ ከወለሉ ቀና ብላ አየችው። የተናገረው በእሷ ቋንቋ ነበርና አንድም ቃል አላመለጣትም።