ወደቡ ወይስ ገደሉ

ሰውየው ወደ ጉዞ ወኪሉ ቢሮ የገባው በማለዳ፣ ገና ወለሉ ተወልውሎ ሳይደርቅ ነበር። ከመቀመጡ በፊት ዞሮ በመስታወቱ በር ውጭውን አየ። ከተቀመጠም በኋላ ደግሞ አየ።

«ወደ ደሴቱ፣ ለሁለት ሰው ነው» አለ። «ለእኔና ለባለቤቴ፣ አሥር ቀን። ሽርሽሩ የእሷ ሐሳብ ነው። የምናርፍበትን ግን እኔ ነኝ የምመርጠው።»

ቲኬት ቆራጯ የደሴቱን ካርታ ዘረጋችለት። ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው ስትሸጠው እሷ አንድ ቀን አልረገጠችውም፤ ግን እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች። በደቡብ ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባና ትልልቅ ሆቴሎች አሉ፤ ሙሽሮች የሚሄዱት ወደዚያ ነው። በሰሜን ገደሉ ነው፤ ጫፉ ላይ ለብቻዋ የቆመች ነጭ ቤት አለች፣ ከደጇም መቶ አርባ የድንጋይ ደረጃ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ጸጥታ የጠማው ሰው እሷን ይወዳታል። በምሥራቅ ያለው ወደብ ዓሣ ይሸታል፣ የጀልባ ሞተር ሲጮህበት ውሎ ያድራል። እሱን የምታነሳው ለወጉ ያህል ነው።

«ወደቡ ይሁን» አለ ሰውየው።

«ጌታዬ፣ እዚያ እኮ ጩኸቱ እንቅልፍ አያስተኛም።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ጥሩ። ጀልባስ በፈለጉት ሰዓት ይገኛል?»

«ይገኛል።»

«ፖሊስ ጣቢያው ከማረፊያው ምን ያህል ይርቃል?»

«በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።»

«በሩጫስ?»

ማን ሊሮጥ ነው ብላ ልትቀልድ አፏን ከፈተችና ፊቱን ስታይ ተወችው። ግንባሩ ላይ ላቦት ችፍ ብሎ ነበር። ቅጹን ሰጠችው። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ስለተጠቀለለ በግራው ጻፈ።

«እጅዎን ምን ሆነው ነው?»

«ደረጃ አዳልጦኝ» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

ቲኬት ቆራጯ ፋሻውን አየችው። ታላቅ እህቷ አራት ዓመት ሙሉ ፊቷ አብጦ፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ስትመጣ ለጠየቃት ሁሉ የምትሰጠው መልስ ይኸው ነበር። የሞተች ቀን ደግሞ ባሏ ለቀስተኛው ፊት ቆሞ ያንኑ ቃል ደገመው፤ ደረጃ አዳለጣት አለ። እሷ ሁሉን እያወቀች፣ በባልና ሚስት መሀል ምን አገባኝ ብላ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ እንደ እሳት ይለበልባታል።

ፋሻውን ደግማ አየችው። ሰው እጁን ምን ላይ ቢያሳርፈው ነው እንዲህ የሚሆነው?

ለአስቸኳይ ጊዜ ተጠሪ በሚለው መስመር ላይ ባል ሁሉ ሚስቱን ይጽፋል። ይኼኛው ወንድሙን ጻፈ።

«እስክንደርስ ድረስ ባለቤቴ ቦታውን ባታውቅ ደስ ይለኛል» አለ ሲነሳ። «ብትደውልም እንዳትነግሪያት። እባክሽ እህቴ።»

ከወጣ በኋላ ሥራ እንቢ አላት። ጩኸቱን የፈለገው የሚስቱን ጩኸት ሊውጥለት ነው። ጀልባውን የፈለገው ሊያመልጥበት፣ ፖሊሱን የጠየቀው ሊሸሸው ነው። ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ታያት። አሁንም ዝም ልትል ነው? ቅጹ ላይ የሚስትየዋ ስልክ አለ። ሦስት ጊዜ አንስታ አስቀመጠችው፤ በአራተኛው ደወለች።

ሚስትየዋ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ወንበር እንኳ ይቅርታ ብላ የምትስብ ሴት ናት። ቲኬት ቆራጯ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ሴትየዋ መሐረቧን አውጥታ ዓይኗን ነካ ነካ አደረገችና፣ እንደነበረ አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

«ወንድሙን ነው የጻፈው?»

«አዎ።»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«እህት ሆንሽልኝ» አለች እጇን ጭብጥ አድርጋ። «እንግዲያው ሰሜኑን አድርጊልኝ። ነጯን ቤት።»

«ኧረ በሞቴ! እዚያ እኮ ብቻችሁን ናችሁ!»

«ጠባቂው የአክስቴ ልጅ ነው፣ ከዓይኑ አያጠፋኝም። ለባሌ ግን የወደቡን ወረቀት ስጪው። ከደረስን በኋላ እኔ አስረዳዋለሁ።»

ዘመድ ካለማ ጥሩ ነው ብላ ቲኬት ቆራጯ ትንፋሿን መለሰች። ወደቡን ሰርዛ ገደሉን መዘገበች።

አሥሩ ቀን ግን አልገፋ አላት። ስልክ በጠራ ቁጥር ዘላ ታነሳለች። እዚያች ሴት ላይ አንድ ነገር ቢደርስ በእህቷም በዚህችኛዋም ሁለት ጊዜ እንደምትጠየቅ እየተሰማት፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል ሰነበተች።

በአሥራ አንደኛው ቀን በሩ ተከፈተ። ሚስትየዋ ናት፤ ቆዳዋን ፀሐይ ወልውሎታል፣ አንድ ጭረት እንኳ የለባትም። ቲኬት ቆራጯ ከጠረጴዛዋ ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ለእህቴ ያላደረግኩትን ለአንቺ አደረግኩ አለቻት። ሚስትየዋ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች አባበለቻት።

ቲኬት ቆራጯ እንባዋን ጠርጋ ከሚስትየዋ ትከሻ በላይ ወደ ውጭ አየች። በረንዳው ላይ አንድ ሻንጣ ብቻ ቆሟል።

«እሳቸውስ?»

«ምስኪን» አለች ሚስትየዋ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ። «ደረጃ አዳለጠው።»